አንድ ቁጥር ጆሮን ይተካልን? በ«ኤ» የድምፅ ማጣሪያ ላይ የቀረበ ሂሳዊ ምልከታ

በፋብሪካ፣ በወፍጮ ቤት ወይም በጄኔሬተር ክፍል የሚሠራ ሰው ጆሮው እየጮኸበት ወደ ሕክምና ሲመጣ፣ ስለ ሥራ ቦታው ጩኸት የሚቀርበው ማስረጃ፣ ከተገኘም፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር ነው። ይኸውም በ«ኤ» ማጣሪያ ያለፈ የዴሲቤል መጠን ነው። ቁጥሩ ከተፈቀደው ጣሪያ በታች ከሆነ ጉዳዩ እንደተዘጋ ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህንኑ ልማድ ነው። ማጣሪያው የተቀረጸው ድምፅ ለጆሮ ምን ያህል እንደሚጎላ ለመገመት እንጂ ስለ ጤና ብይን ለመስጠት አይደለም።

መነሻው ሃርቬይ ፍሌቸር እና ዊልደን ማንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ ቤል የስልክ ላቦራቶሪ ሳሉ ያሳተሙት ጥናት ነው። አድማጮች የተለያየ ድግግሞሽ ያላቸውን ድምፆች ከ1000 ኸርዝ ድምፅ ጋር እያነጻጸሩ እኩል የጎሉባቸውን ለዩ። ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ደካማ መሆኑ፣ ድምፁ እየበረታ ሲሄድ ግን ልዩነቱ እየጠበበ መምጣቱ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው የአሜሪካ የድምፅ መለኪያ ደረጃ ይህን ጠባይ በመሣሪያ ውስጥ አስገባ። «ኤ» የታሰበው ለዝቅተኛ ድምፅ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ለሹክሹክታውም ለመዶሻውም የጋራ መለኪያ ሆነ።

ማጣሪያው ከ1000 ኸርዝ ድምፅ ምንም አይቀንስም፤ ከ100 ኸርዝ 19፣ ከ50 ኸርዝ ደግሞ 30 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ «60» የሚል ንባብ የ1000 ኸርዝ 60 ዴሲቤል ድምፅ፣ ወይም የ50 ኸርዝ 90 ዴሲቤል ጉርምርምታ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ግን በግድግዳም ሆነ በሰው አካል ውስጥ እኩል አያልፉም።

የማጣሪያውን ውለታ መካድ አይገባም። ቀላል ነው፤ በማያቋርጥ የፋብሪካ ጩኸት የሚመጣውን የመስማት ጉዳት ለመገመትም በሚገባ አገልግሏል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1998 ለ8 ሰዓት ሥራ 85 ዴሲቤልን ጣሪያ አድርጎ የመከረው በዚሁ ማጣሪያ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ክልል ሲወጣ ነው።

ለዚህ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ጥሩ ምሳሌ ናት። የእናት አካል ቀጭኑን ድምፅ ሲያዳክም ወፍራሙን ወደ ጽንሱ ያሳልፋል፤ ማጣሪያው ከቁጥሩ የሚያወጣው ግን ይህንኑ ወፍራም ድምፅ ነው። የጆሮ መድፈኛም እናቲቱን እንጂ ጽንሱን አይጠብቅም። ቅጽበታዊ ጩኸትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ለቅጽበታዊ ጩኸት ጣሪያ ያበጀው፣ ወፍራሙን ድምፅ እምብዛም በማይቀንሰው በ«ሲ» ማጣሪያ ነው።

ዛሬ ማጣሪያው በተንቀሳቃሽ ስልክ ውስጥ ሳይቀር በዲጂታል ስሌት ይሠራል። በሴኮንድ 48,000 ናሙና በሚወስድ መሣሪያ ላይ ነባሩ ቀመር በተለመደው የመለወጫ ዘዴ ያለ ማስተካከያ ከተገለበጠ፣ ከ10,000 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ ከሚገባው በላይ ይቀነሳል። ስሌቱ ቢቃና እንኳ ማይክሮፎኑ በታወቀ ድምፅ ካልተመዘነ የንባቡ ትክክለኛነት ዋስትና የለውም። በመስታወቱ ላይ የሚታየው የነጥብ ቤት የትክክለኛነት ምስክር አይደለም።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ ወፍራም ድምፅ በጎላበት ቦታ በ«ኤ» ላይ ብቻ የተመሠረተ ልኬት ተገቢ አለመሆኑን አስገንዝቧል። ስለሆነም ባለሙያው የ«ኤ» እና የ«ሲ» ንባብ ጎን ለጎን እንዲቀርብለት ይጠይቅ። ከላይ በተጠቀሰው የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ሁለቱ ንባቦች በ29 ዴሲቤል ያህል ይራራቃሉ። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲታይ ድምፁ በየድግግሞሹ ተከፋፍሎ ይለካ፤ የታካሚውም የመስማት ችሎታ ይመርመር። ሕመምተኛው የሚናገረውና ቁጥሩ ሲጋጩ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ቁጥሩ የተገኘበት መንገድ ነው።