የፊልም ፎቶግራፍና ወጣቱ ትውልድ፤ ከሰበታ በኩል ሲታይ

በፊልም ፎቶግራፍ የማንሣት ጥበብ ሊጠፋ ነው ከተባለ በኋላ እንደ ገና በወጣቶች ዘንድ መወደዱ የታወቀ ነው። ስመ ጥሩው ኮዳክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. ከዕዳ የተነሣ የፍርድ ቤት ከለላ እስከ መጠየቅ ደርሶ ነበር፤ በ2024 ዓ.ም. ግን ፔንታክስ አዲስ የፊልም ካሜራ ለገበያ አወጣ።

በእኛ አገር ወጣቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻው ፊልሙን ሳይሆን የፊልሙን መልክ ነው። ከአዲስ አበባ ቤተሰቦች የተሰበሰቡ ፎቶግራፎችን የያዘው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ ይህን ፍቅር በመልካም አገልግሏል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር በ1996 ዓ.ም. ባሳተሙት፥ ከ1867 እስከ 1935 የተነሡትን ሥዕሎች በሰበሰበው ሥራ ውስጥ ካሜራውን የያዙት በብዛት የውጭ አገር ሰዎችና እንደ ቦያጂያን ያሉ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። የኋለኛው መጽሐፍ ግን ተራውን ቤተሰብ ከነሣቁ ለአደባባይ አበቃው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም ስሙ እንደሚያመለክተው በዋናው ከተማ ላይ ይቆማል። ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. (በእኛ አቈጣጠር) በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ በዙሪያቸው እርሻ የነበረው ብዙው መሬትም ፋብሪካና መኖሪያ ቤት ሆኗል። እንዲህ ባለ ስፍራ የድሮ ፎቶግራፍ የፋሽን ጌጥ ብቻ ሊሆን አይችልም። ከሰዎቹ በስተ ኋላ የሚታየው አጥር፥ የጤፍ ክምር ወይም የባሕር ዛፍ ረድፍ፥ ስፍራው ሲለወጥ ለቀድሞው ኑሮ ምስክር ሆኖ ይቀራል።

የእጅ ስልክ የፊልሙን ቀለም ሊያስመስል ይችላል፤ ኔጌቲቩን ግን ሊተካ አይችልም። የሚያሳዝነው ክርክሩ ሁሉ ስለ ቀለም መሆኑ ነው። ለባህል መርማሪ ዋናው ነገር የሥዕሎቹ ተከታታይነት ነው። በአንድ 120 ፊልም ላይ 12 አራት ማዕዘን ሥዕሎች ይነሣሉ፤ ሙሽራዪቱ፥ ከእርስዋ ቀጥሎ ለመታወቂያ ጉርድ የሚነሣው ገበሬ፥ ከእርሱም ቀጥሎ ተማሪው፥ በመጡበት ተራ ይገኛሉ። በአልበም ያለው ሥዕል የአንድ ቤት ንብረት ሲሆን፥ ኔጌቲቩ ግን የፎቶ ቤቱን ደጃፍ የረገጠው ሕዝብ መዝገብ ነው። አልበሙን ቤተሰብ ይጠብቀዋል፤ ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ኔጌቲቩን የሚጠብቅ ማን ነው?

ፊልም ማጠብ የሚማሩት ወጣቶች አዲስ ፊልም በውድ ዋጋ ከመግዛታቸው በፊት እነዚህን ካርቶኖች ከፍተው ቢለዩ ይሻላል። ጊዜውም አጭር ነው፤ አሴቴት ፊልም በሙቀትና በእርጥበት ሲቀመጥ እንደ ኮምጣጤ መሽተት ይጀምራል፤ ሽታው ከመጣ በኋላ ብልሽቱን ማዘግየት እንጂ መመለስ አይቻልም።