ሞተር የሚያስነሳው ሊቲየም

በአሜሪካ ሐይቆች ላይ ባስ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ጀልባዎች ቀኑን ሙሉ ኤሌክትሪክ ይበላሉ። በውኃው ውስጥ ዓሣ የሚፈልገው ሶናርም፣ የተያዘው ዓሣ በሕይወት የሚቆይበት ገንዳ ፓምፕም ብዙ ጊዜ የሚጠቡት ሞተሩን ከሚያስነሳው ባትሪ ነው። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ እየደከመ ሲሄድ ቮልቱ ይወርዳል፤ አመሻሽ ላይ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ያቃስታል፣ የሶናሩ ስክሪንም ድርግም ብሎ እንደ አዲስ ይነሳል።

የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ይህን ጣጣ ያስቀራል። እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት የሆኑ 4 ሴሎች በተከታታይ ተያይዘው 12.8 ቮልት ይሰጣሉ፤ ይህም ጉልበቱ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ እምብዛም አይወርድም። ክብደቱ ከእርሳሱ በግማሽ ገደማ ያንሳል፤ ከኋላዋ ከባድ ሞተር ለታሰረባት ጀልባ ትልቅ እፎይታ ነው። ለዚህ መሠረት የሆነውን ጥናት የጆን ጉዲናፍ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው በውስጡ ያለውን ተቆጣጣሪ ሰሌዳ ነው። ሴሎቹ ከመጠን በላይ ሲሞቁ ወይም ሲሟጠጡ መስመሩን ይቆርጣል፤ ደህና የተሠራው ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ አይቀበልም። ነገር ግን ሞተሩ እየሠራ ሳለ ድንገት ከቆረጠ ዲናሞው የሚያመነጨው ኃይል መሄጃ ያጣል፤ ቮልቱ በድንገት አሻቅቦ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ የሞተሩ አምራች የሚፈቅደውን ማየት፣ ለማስነሻ ተብሎ የተሠራውንም መምረጥ የግድ ነው። ለመብራትና ለሶናር ብቻ የተሠራው ሊቲየም ሞተሪኖው ለቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሲጠይቀው ራሱን ሊዘጋ ይችላል።