ካሜራው የማይወስነው

ሚካኤል ፀጋዬ እ.ኤ.አ. በ2002 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሥዕል ተመረቀ። ኋላ ግን የዘይት ቀለም አለርጂ ሆነበትና ብሩሹን አስቀምጦ ካሜራ አነሣ። ይህ ታሪክ ስለ እርሱ ሲጻፍ በአጋጣሚነቱ ተወስቶ ይታለፋል። ለዚህ ዳሰሳ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ሠዓሊው ወደ ፎቶግራፍ ሲሻገር ምን ይዞ መጣ?

ስለ ፎቶግራፍ ትምህርት ሲወራ ሁለት አስተያየቶች ይፈራረቃሉ። አንዱ «መጀመሪያ መሣሪያውን እወቅ፣ ፈጠራው ይከተላል» ይላል። ሌላው ደግሞ ዓይን ተፈጥሮ እንጂ ትምህርት አይሰጠውም ባይ ነው። ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ ቴክኒክንና ፈጠራን በየፊናቸው በማስቀመጥ ይስማማሉ። ይህን ስምምነት አልቀበለውም፤ ፈጠራው የሚጀምረው እዚያው ቴክኒኩ ውስጥ፣ መሣሪያው ሊወስን በማይችለው ቦታ ላይ ነው።

ነጠላ የተከናነበች ጠይም ሴት በእኩለ ቀን ፀሐይ ስትነሣ እንመልከት። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ፊቱ የቆመውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። ነጩ ነጠላ ምስሉን ሲሞላው ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል፤ ነጠላው ይደበዝዛል፣ ፊቷ ይጠቁራል። አናት ላይ የወጣው ፀሐይ ደግሞ የዓይኖቿን ጉድጓድ በጥላ ይሞላዋል። አንሺው ፊቷን ለማዳን ብርሃኑን አንድ ሁለት ደረጃ (ስቶፕ) ቢጨምር የሸማኔው ሥራ፣ ድሩም ማጉም፣ በንጣት ይዋጣል። በረንዳ ጥላ ውስጥ ሊያስገባት፣ ከነጭ ግድግዳ የሚመለስ ብርሃን ሊፈልግላት ይችላል። ያ ካልተገኘ ግን ከሁለቱ አንዱ ይጠፋል፤ የትኛው ይጥፋ ለሚለው የመሣሪያው መመሪያ መልስ የለውም። የሐዘንተኛ ምስል ከሆነ ፊቱ በጨለማ ቢሰጥም ያምር ይሆናል። ጉዳዩ የሽመና ጥበብ ከሆነም እንደዚያው። (መሣሪያው ገለልተኛ ነው የሚል ካለ፣ ኮዳክ ለዐሥርተ ዓመታት ለቀለም ማስተካከያ ባሠራጫቸው ናሙና ካርዶች ላይ ይታዩ የነበሩት ነጭ ሴቶች መሆናቸውን ያስታውስ።)

የዛሬ ስልኮች ይህን ጣጣ ገላግለውናል፤ በአንድ ቅጽበት ብዙ ምስሎችን አንሥተው ያዋሕዱና ፊቱንም ነጠላውንም ያሳያሉ። ምቹ ነው። ችግሩ ተማሪው ምርጫ እንደነበረ እንኳ ሳያውቅ ማለፉ ነው።

ሚካኤል ከሥዕል ያመጣው ይህን ምርጫ የማየት ልምድ ይመስለኛል። በመቃብር ሐውልቶች ላይ የተለጠፉ የሟቾችን ፎቶዎች ባነሣበት ተከታታይ ሥራው፣ የደበዘዘውና የተላጠው የምስል ገጽ ራሱ ጉዳዩ ሆኗል። ቀለም በገጽ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው፣ እንዴት እንደሚለቅም ያያል።

አይዳ ሙሉነህ በተቃራኒው መንገድ መጣች። እ.ኤ.አ. በ2000 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ለዋሽንግተን ፖስት የዜና ፎቶ ስታነሣ ቆየች፤ ዛሬ የምትታወቀው ግን ፊትን ቀለም ቀብታ፣ ልብሱንና ዳራውን ራሷ አሰናድታ በምታነሣቸው ምስሎች ነው። ከላይ ያነሣነውን የብርሃን ጣጣ መዝጊያው ከመጫኑ በፊት ትጨርሰዋለች፤ የሰው ቆዳ ራሱ እርሷ የመረጠችው ሰማያዊ ወይም ነጭ ይሆናል። ዋጋ ግን ያስከፍላል። በስቱዲዮ ሥራዎቿ አንዳንዴ ሴቲቱ ጠፍታ ምልክቷ ብቻ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ለውኃ በጎ አድራጎት ድርጅቱ ዋተርኤይድ ዳሎል ላይ ያነሣችው ስለ ውኃ የሚናገር ሥራ ከሌሎቹ የሚልቅብኝ በዚህ ምክንያት ነው። እዚያ የጨው ምድሩና ሙቀቱ ለአዘጋጇ ሙሉ በሙሉ አይታዘዙም፤ ውኃ ፍለጋ የሚወጡ ሴቶች ድካምም ከቀለሙ ሥር ይታያል።

አይዳ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት የአገር ውስጥ አንሺዎችን ሥራ ከውጭዎቹ ጎን ሰቅሎ ለንጽጽር አቅርቧል። በየጊዜው የሚሰጡት አጫጭር የፎቶግራፍ ሥልጠናዎች ግን አብዛኛውን ሰዓታቸውን ለሌንስና ለማስተካከያ ሶፍትዌር ያውላሉ፤ የተነሣውን ምስል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መከራከር መጨረሻ ላይ፣ ጊዜ ከተረፈ ይመጣል። የአይዳን ፈለግ እንከተላለን የሚሉ ወጣቶች ሥራ ላይ ውጤቱ ይታያል። ቀለሙ አለ፣ ደማቁ ግድግዳም አለ። አይዳን ከዜና ፎቶ ወደዚህ ያመጣት ጥያቄ ግን አብሮ አልተወሰደም፤ «ለምን ሰማያዊ?» ሲባሉ ብዙዎቹ የሚጠቅሱት እርሷን ነው።