የመንበረ ታቦት ዘርና የግብፅ መቃብር እንጨት

በ1922 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በተገኘው በቱታንክአሙን መቃብር ውስጥ፥ አንዱ በሌላው ውስጥ የቆሙትን አራት በወርቅ የተለበጡ የእንጨት መቅደሶች ያየ ሰው፥ ከጎንደር ደጋ ወጥቶ በሙዚየም የተቀመጠ ባለመዝጊያ መንበረ ታቦት ሲመለከት፥ «ዘሩ ከዚያ ነው» ለማለት ይቸኵላል። ይህ አስተያየት መልክን እንጂ ግብርን አልመረመረም።

የግብፅ ጠራቢ ከሊባኖስ በመጣ ዝግባ ጭምር የሠራው የሬሳ ሣጥን፥ ከሟቹ ጋራ ታትሞ እንዲቀር የታሰበ ነበር። በጎንደር ደጋ ግን በቀድሞው ልማድ ሟች በከፈንና በሰሌን ተጠቅልሎ ይቀበራል፤ የተሸከመው ቃሬዛ እንኳ አብሮት አይቀበርም። የጠራቢው ጥበብ የሚውለው ለመቅደሱ መንበር ነው። መንበሩም በመጋረጃ ከምእመናን ዓይን ይሰወራል፤ ነገር ግን የሚሰወረው ሊቀደስበት እንጂ ሊታተም አይደለም።

ዝምድና ከተፈለገ፥ በግብፅ ክርስቲያኖች መሠዊያ ላይ ጽዋው የሚቀመጥበት የእንጨት ሣጥን ይበልጥ ይቀርባል፤ እርሱም የቅዳሴ ዕቃ ነውና። እንግዲህ ተማሪው ባዶውን መንበር ሲመረምር፥ ከቅርጹ አስቀድሞ በላዩ ምን ያርፍበት፥ ማንስ ያገለግልበት እንደ ነበረ ይጠይቅ። መልሱ ያለው ከሙዚየሙ መዝገብ ይልቅ በደብሩ ካህናት ዘንድ ነው።