«ሊቶስት»፦ ሳይተረጎም የቀረ ቃል

ሚላን ኩንዴራ «የሣቅና የመርሳት መጽሐፍ» ለተሰኘው ልቦለዱ አምስተኛ ክፍል ርዕስ ያደረገው «ሊቶስት» የተባለውን የቼክ ቃል ነው። ቃሉ በሌላ ቋንቋ አቻ እንደሌለው ራሱ ተራኪው ይነግረናል። ማይክል ሔንሪ ሃይም እ.ኤ.አ. በ1980 ከቼክ፣ አሮን አሸር ደግሞ በ1996 ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱት ሁለቱም ቃሉን እንዳለ ትተውታል። ይህ ለደራሲው መታመን ይመስላል። በእኔ አስተያየት ግን ከልቦለዱ አንድ ዋና ነገር ያጎደለ ውሳኔ ነው።

ሊቶስት በቼክ የዕለት ተዕለት ንግግር ተራ ቃል ነው። እንደ አገባቡ ሐዘን፣ ጸጸት ወይም ለሌላ ሰው ማዘን ይሆናል፤ ሰዎች «አዝናለሁ» የሚባባሉትም ከዚሁ ቃል ጋር በሚዛመድ አነጋገር ነው። ኩንዴራ ግን የተለየ ፍቺ ይሰጠዋል፦ ሰው የገዛ ራሱን ትንሽነት ድንገት ሲያይ የሚሰማው፣ ወዲያውም ወደ በቀል የሚለወጥ ሥቃይ። ምሳሌው ከጓደኛው ጋር ወንዝ ውስጥ የሚዋኝ ተማሪ ነው። ጎበዝ ዋናተኛ የሆነችው ልጅ ለእሱ ስትል ዝግ ብላ ስትዋኝ ቆይታ በመጨረሻ በሙሉ ኃይሏ ትቀድመዋለች። እሱም ኋላ ወንዙ አደገኛ ነው በሚል ሰበብ በጥፊ ይመታታል።

የቼክ አንባቢ ይህን ሲያነብ የሚያውቀው ቃል ዓይኑ እያየ ሲጠመዘዝ ያያል፤ ፈገግ ይላል፣ ወይም ይከራከራል። የእንግሊዝኛው አንባቢ የሚከራከርበት ነገር የለውም። ሊቶስት ለእሱ ባዶ ዕቃ ነው፤ ተራኪው የሞላበትን ሁሉ የቼኮች ሁሉ አነጋገር አድርጎ ይቀበለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። መጽሐፉ የተጻፈው በቼክ ቋንቋ ቢሆንም መጀመሪያ የታተመው በ1979 በፈረንሳይኛ ነው፤ የቼኩ እትም በ1981 የወጣው ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ነው። መጻሕፍቱ በአገሩ የታገዱበት ኩንዴራ ያን ጊዜ ፈረንሳይ ይኖር ነበር። ለቼክ አንባቢ ደግሞ ሊቶስት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ምንባቡ ከመነሻው ለባዕድ አንባቢ ታስቧል ማለት ይቻላል። ይህን እቀበላለሁ። ሆኖም የዚሁ ክፍል ታሪክ የቆመው በአንድ ተራ ዐረፍተ ነገር አሻሚነት ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። የሥጋ ሻጭ ሚስት የሆነችው ክሪስቲና አብራው ብትተኛ እንደምትሞት ለተማሪው ትነግረዋለች። እሱ ከፍቅር ብዛት ይመስለዋል፤ እሷ ግን ዳግም ብትፀንስ እንደምትሞት ሐኪም የነገራትን ማለቷ ነው። ደራሲው የሚጫወተው ሁሉም በሚያውቀው አነጋገር ውስጥ በተደበቀ ሌላ ፍቺ ነው። ሊቶስት ተራነቱን ሲያጣ የጨዋታው ግማሽ አብሮ ይጠፋል።

ብዙውን የውጭ ልቦለድ በእንግሊዝኛ በኩል ስለምንተረጉም ጉዳዩ እኛንም ይነካል። «ሊቶስት» ብሎ የሚተው አማርኛ ተርጓሚ የእንግሊዝኛውን ውሳኔ መውረሱ ነው። «ጸጸት» ራስን ይወቅሳል እንጂ በቀል አይሻም፤ «ሐዘኔታ» ወደ ሌላ ሰው ያያል። «ቁጭት» ግን በመሸነፍ መንገብገብንም፣ ያንን ለመካስ መነሣትንም ይዟል። ጉድለት አለው፦ ለሌላ የማዘን ፍቺ የለውም፤ ደግሞም በቁጭት ተነሥቶ ትልቅ ሥራ የሠራ ሰው ይመሰገናል፣ የኩንዴራ ተማሪ ግን የሚያስመሰግን ነገር አልሠራም። እንዲያም ሆኖ እኔ «ቁጭት»ን እመርጣለሁ። ቃሉ በሌላ ቋንቋ አይገኝም የሚለው የተራኪው አባባል ያን ጊዜ እንግዳ መምሰሉ አይቀርም፤ አንባቢው ግን ፍቺውን ከሚያውቀው ቁጭት ጋር አስተያይቶ «ይህማ ቁጭት አይደለም» ብሎ ለመሟገት ይችላል።