ከሰም የወጣችው የዱር ድመት

ቁመቷ 42 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዷ 13 ሴንቲ ሜትር ነው። ከነሐስ የተሠራች፣ ቀጥ ብላ የተቀመጠች ድመት ናት። ከዛሬ 2,600 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ ተሠርታ አሁን ለንደን ውስጥ በብሪቲሽ ሙዚየም ትገኛለች። ለሙዚየሙ ከሰጧት ሰዎች በአንዱ፣ በሻለቃ ጌየር አንደርሰን ስም ትጠራለች። የምትወክለው ባስቴትን ነው። ግብፃውያን ይህችን አምላካቸውን መጀመሪያ በእንስት አንበሳ፣ ኋላ ደግሞ በድመት መልክ ይቀርጿት ነበር።

የዚህ መልክ መነሻ የአፍሪካ የዱር ድመት ናት፤ የቤት ድመት ሁሉ እናት። በእኛም አገር በሜዳውና በቁጥቋጦው መካከል ትኖራለች። ጠጉሯ አሸዋማ ግራጫ ነው። የጆሮዋ ጀርባ ወደ ቀይ ዳማ ያደላል። ጅራቷ ወደ ጫፉ ሲደርስ ጥቋቁር ቀለበቶች አሉት፤ ጫፉም ጥቁር ነው። ከቤት ድመት በደንብ የሚለያት ግን እግሯ ነው። ይረዝማል። ስትቀመጥ የፊት እግሮቿ ደረቷን ወደ ላይ ያነሱታል፤ ጀርባዋም ቀጥ ወደ ማለት ይጠጋል። የቤት ድመት እንዲህ አትቀመጥም፤ ትከሻዋ ይወርዳል፣ ጀርባዋ ይጎብጣል።

አሁን ነሐሷን ከጎን እንያት። የፊት እግሮቿ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ወርደዋል። ከጆሮዋ ሥር የተነሣው መስመር አንገቷን ይዞ፣ ትከሻዋን አልፎ፣ ሳይሰበር እስከ ዳሌዋ ይወርዳል። ደረቷ ከፍ ብሏል። ይህን አቀማመጥ ብዙ ሰው ለአምላክ ክብር ሲባል የተፈጠረ ይመስለዋል። እኔ ግን ሠሪው እንስሳዋን አስተውሎ የወሰደው ነው እላለሁ። ግርማውን ከእሷው ነው ያገኘው።

አሠራሩ ለአንጥረኞቻችን እንግዳ አይደለም፤ መስቀልን በዚሁ መንገድ ሲያወጡ ኖረዋል። መጀመሪያ የድመቷ ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ ውስጡ ባዶ እንዲሆን ከሰሙ ሥር እምብርት ይቀመጣል። ጥቃቅኑ ሥራ በአብዛኛው የሚጠናቀቀው ሰሙ ላይ ነው። ከዚያ ሰሙ በጭቃ ይለበጣል፤ ጭቃው ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በለቀቀው ቦታ ነሐስ ይፈሳል። የነሐሱ ውፍረት የሰሙ ውፍረት ነው። ሰሙ የሳሳበት ቦታ ነሐሱም ይሳሳል።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ሰሙ ከወጣ በኋላ እምብርቱን የሚይዘው ምንድን ነው? ሠሪው ትንንሽ ካስማዎች ሰክቶ ደግፎታል። እምብርቱ ቢንሸራተት አንዱ ጎን ይወፍራል፤ ሌላው ይበሳል። የእነዚያ ካስማዎች ቅሪት ዛሬም በኤክስሬይ ይታያል።

ቅይጡ ተመርምሯል። 85 በመቶ መዳብ፣ 13 በመቶ ቆርቆሮ፣ 2 በመቶ አርሴኒክ ነው፤ እርሳሱ 0.2 በመቶ ብቻ ነው። ንጹሕ መዳብ ለመቅለጥ 1,085 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈልጋል። ቆርቆሮ ሲገባበት ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም ከመዳብ ይልቅ ይጠነክራል።

ከሁሉ በላይ የምወደው ጅራቷን ነው። ጎኗን ታክኮ ወደ ፊት ይመጣል። በላዩ ላይ ያሉት መስመሮች ቅይጡ የተለየ ብረት ናቸው። የጥንቱ ሠራተኛ ቅይጡን እየለዋወጠ የነሐስን ገጽ በተለያየ ቀለም ማውጣት ይችል ነበር። ስለዚህ የዱር ድመቷን ቀለበታም ጅራት በብረት መለሰው። ቀለም መቀባት ይቀለው ነበር።

ጌጧም አለ። አንገቷ ላይ ብር የተቀባ ማተብ፣ ከሥሩ ከብር የተሠራ የሆረስ ዓይን የተባለ ክታብ፣ ጭንቅላቷና ደረቷ ላይ የጥንዚዛ ቅርጾች አሉ። ጆሮዎቿና አፍንጫዋ ላይ የወርቅ ቀለበት ተንጠልጥሏል። ወርቁ ከመጀመሪያው የእሷ ላይሆን ይችላል፤ እኔም ብዙ አልቆምበትም። ዓይን ቀድሞ ወደ ወርቁ ስለሚሄድ የመንጋጋዋን ጥራት ይሸፍነዋል። ዓይኖቿ ባዶ ናቸው፤ ድሮ ድንጋይ ወይም ብርጭቆ ሳይኖርባቸው አልቀረም።

ጤነኛ ትመስላለች እንጂ ጤነኛ አይደለችም። ኤክስሬዩ ወገቧን ሊዞር ጥቂት የቀረው ቀጭን ስንጥቅ አሳይቷል። ጭንቅላቷ እንዳይወድቅ የያዘው በውስጧ የገባው ድጋፍ ነው። የጠገናት ራሱ ሻለቃው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጥንታዊ ዕቃ መጠገን የሚወድ ሰው ነበር። ጥገናው እንዳይታወቅ አድርጎ ሠርቶታል፤ ይህም ሊመሰገንበት የሚገባ ሙያ ነው።

ወደ ለንደን የምትሄዱ ከሆነ የሙዚየሙ መግቢያ በነጻ ነው። ከፊት ለፊቷ ቆማችሁ ወርቁን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ወደ ጎኗ ዙሩና መጀመሪያ እግሯን፣ ቀጥሎ ጀርባዋን፣ በመጨረሻ ጅራቷን እዩ።