የከያንያን ጦርና አንድ ሥዕል

እንግሊዛዊው ጆን ናሽ በ1918 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሣለውን «ከምሽግ ወጥቶ ወደፊት» የተሰኘ ሥዕል ያየ ሁሉ የጦርነትን አስከፊነት ያሳያል ይላል። ያሳያል። እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላ ነው፤ ሥዕሉ ሠዓሊው ራሱ የዘመተበትን የጦር ክፍል ስም ይሞግታል።

ክፍሉ «የከያንያን ጠመንጃ ያዦች» ይባል ነበር። በ1859 ናፖሊዮን ሣልሳዊ እንግሊዝን ሊወር ነው የሚል ሥጋት ነግሦ በየአካባቢው የፈቃደኞች ጦር ሲቋቋም፣ ኤድዋርድ ስተርሊንግ የተባለ የሥዕል ተማሪ ለንደን ውስጥ ሠዓሊውንም ሙዚቀኛውንም ተዋናዩንም አሰባስቦ መሠረተው። ሚሌ፣ ሮሴቲና ዊልያም ሞሪስ ሳይቀሩ ተመዘገቡ። ሠዓሊው ፍሬድሪክ ሌይተን አዛዥ ሆነ። አርማቸው ላይ የጦር አምላኩ ማርስና የጥበብ አምላኳ ሚኔርቫ ጎን ለጎን ተቀረጹ። ፈረንሳይ ግን አልመጣችም!

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ክፍሉ የመኮንኖች ማሠልጠኛ ሆኖ ከ10 ሺህ በላይ መኮንኖችን ለሌሎች ክፍሎች አከፋፈለ። ባለቅኔዎቹ ኤድዋርድ ቶማስና ዊልፍሬድ ኦወን በዚሁ በር ገብተው፣ አንዱ በ1917 ሌላው በ1918፣ በሌላ ክፍል መለዮ ሞቱ።

ናሽ ግን እዚያው ከተዋጊው ሻለቃ ጋር ነበር። ዲሴምበር 30 ቀን 1917 ፈረንሳይ ውስጥ ማርኮይንግ አጠገብ ከ80 ሰዎች 68ቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞቱ ወይም ቆሰሉ። እሱ ተረፈ። ሥዕሉ ያንን ጧት ነው የያዘው። ቀይ አፈር የተዛቀበት ምሽግ፣ በረዶ፣ ከባድ ካፖርት። ገና ሳይወጡ የወደቁ አሉ። የወጡትም አንገታቸውን ደፍተው ይራመዳሉ እንጂ የሚፎክር፣ የሚሮጥ የለም። ፊታቸው አይለይም። ከመካከላቸው ከያኒው የትኛው ነው? ወንድሙ ፖል ናሽ፣ የዚሁ ጦር አባል የነበረው፣ በዚያው ዓመት ሰው የሌለበት የጋየ ምድር ሣለ። ዝናው የፖል ይበልጣል። እኔ ግን የጆንን አስቀድማለሁ፤ የፖል ምድር ምሳሌ ነው፣ የጆን ሰዎች ግን ስም ነበራቸው። ደመናው ብቻ ትንሽ በዝቶብኛል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947፣ ክፍሉ በድብቅ ተልእኮ የሚታወቀው የልዩ አየር አገልግሎት 21ኛ ሬጅመንት ተደርጎ እንደገና ተቋቋመ። ዱክስ ሮድ ላይ የነበረው የድሮ አዳራሹ ከ1969 ጀምሮ ዘመናዊ ዳንስ ይሰጥበታል። «ከያንያን» የሚለው ቃል ዛሬም ከሬጅመንቱ ቁጥር ቀጥሎ በቅንፍ ይጻፋል።